የ12 ዓመት ልጅና አንቀጽ 36

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን ለመምህራንና ለወላጆች የተሰናዳ ነው። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ግን «ሂዱ ተጫወቱ» አትበሏቸው። የምናወራው ስለ እነሱ ስለሆነ ይስሙ።

ጉዳያችን ልጆች የአገራቸውን ሕገ መንግሥት እንዴት ቢማሩት ይበጃል የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት የሥነ ዜጋ መምህር ነበርሁ። ዛሬ ከምነግራችሁ ግማሹን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው፤ ግማሹን ያስተማሩኝ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

ሁላችንም ከቤት በምናውቀው ነገር እንጀምር። ሁለት ጎረምሶች መንገድ ላይ ተያይዘዋል እንበል፤ አንዱ ድንጋይ አንሥቷል። አንዲት እናት ከደጃቸው ብቅ ብለው «በሕግ አምላክ!» ይላሉ። በአካባቢው ፖሊስ የለም፤ እናቲቱም የሚገላግሉበት ጉልበት የላቸውም። ድንጋይ የያዘው እጅ ግን እንደተሰነዘረ ይቀራል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይላሉ አበው። ልጆቻችን ይህን ቃል ከእኛ አፍ እየሰሙ ያድጋሉ፤ ማንም ሳያብራራላቸውም ይገባቸዋል። ከጉልበተኛውም ከደካማውም በላይ የሆነ፣ ሁለቱንም የሚያቆም ነገር እንዳለ ያውቃሉ።

ልጁ ትምህርት ቤት የሚመጣው ይህን ዕውቀት ይዞ ነው። እኛ ግን መጽሐፉን ገልጠን «የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ስንት ምዕራፍ፣ ስንት አንቀጽ አለው?» ብለን እንጠይቀዋለን። 11 ምዕራፍ፣ 106 አንቀጽ። ልጁ ያጠናዋል፣ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አንዱም አብሮት የለም። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት እንደዚሁ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቃሉ ራሱ ትምህርት ነው። ሰሌዳ ላይ «ሕገ መንግሥት» ብዬ ጽፌ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ፣ መልሱ ከዓመት ዓመት አይለወጥም ነበር፤ «መንግሥት ያወጣው ሕግ ነው፣ ቲቸር!» በልጆቹ አይፈረድም። ሁለቱ ቃላት በግዕዝ ሥርዓት ተናበው ሲቀመጡ የሕጉ ባለቤት መንግሥት ይመስላል። በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅ «ሄራ ሞቱማ» ሲልም መንግሥት የሚለው ቃል አብሮ ይወጣል። «ደስቱር» የሚለው የሶማሊኛ ተናጋሪ ልጅ ግን ከዚህ ያመልጣል።

ታሪካችንም ከልጆቹ መልስ ጎን ይቆማል። የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲታወጅ የቀረበው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በገዛ ፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ተደርጎ ነበር። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሩሲያ የተማሩት፣ «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱት ሰው። ሲያረቁ የጃፓንን የሜይጂ ዘመን ሕገ መንግሥት በእጅጉ ተመልክተዋል። ሰነዱ 55 አንቀጾች ነበሩት። ምክር ቤቶችም አቋቁሟል፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት ግን ሕዝቡ አይመርጣቸውም፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጡለት ነበር። እዚህ ላይ ልጆቹ ሁልጊዜ ይስቃሉ። «መምረጥ መቻሉን በምን ያውቁለታል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ጥያቄው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው መጣ፤ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ዙፋኑ ግን ከሁሉ በላይ እንደሆነ ቆየ። የ1979ኙ የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ በአንድ ፓርቲ መሪነት ሥር ወጣ፤ ዕድሜውም አጭር ነበር። አሁን የምንተዳደርበት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ጉባኤ ጸድቆ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ሁሉ ዓመተ ምሕረት በልጅ ጫንቃ ላይ አትጫኑ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ በእያንዳንዱ ሰነድ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? በ1923ቱ የሚናገሩት ንጉሡ ናቸው። በ1987ቱ መግቢያ ላይ የሚናገሩት «እኛ» የሚሉት የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። ያ «እኛ» በእርግጥ ሁሉንም አሳትፎ ነበር ወይ የሚለው በትልልቆቹ ዘንድ አሁንም ያከራክራል፤ እመለስበታለሁ። ልጁ ግን ቢያንስ ተናጋሪው መለወጡን ያያል።

ከዚያ በኋላ ዕድርን አነሣባቸዋለሁ። ዕድርን የማያውቅ የከተማ ልጅ አላጋጠመኝም። ድንኳኑን ያውቃል፣ አግዳሚ ወንበሩን ያውቃል፣ አባቱ ቀብር ሳይሄድ ቀርቶ መቀጫ የከፈለበትን ቀንም ያስታውሳል። «የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ የጻፈው ማን ነው?» እላለሁ። «አባላቱ!» ይላሉ። «የዕድሩ ዳኛ ቀብር ቢቀርስ?» «እሱም ይቀጣል።» «ገንዘብ ያዡ ሒሳብ አላሳይም ቢልስ?» አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «አያቴ ይህን ብለው የቀድሞውን ገንዘብ ያዥ አስወርደዋል» አለች፤ ክፍሉ አጨበጨበላት። ይኸው ነው። የዕድሩ ደንብ የዳኛው ንብረት አይደለም፤ ዳኛውንም የሚያስር ነው። ሕገ መንግሥትም በመንግሥት ላይ የተጻፈ ደንብ ነው።

አንቀጽ 9ን ያን ጊዜ ሳነብላቸው ቃሉ አይከብዳቸውም። ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ ዋጋ የለውም ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ሊያወርደው እንደሚችልም ይጨምራል። «እንደ አያቴ ገንዘብ ያዥ!» ትላለች ልጅቱ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሕገ መንግሥትን ለልጅ የምታስተምሩ ከሆነ ከአንቀጽ 1 አትጀምሩ። ከአንቀጽ 36 ጀምሩ፤ ስለ ልጁ ራሱ የተጻፈው እሱ ነውና።

አንቀጽ 36 የሕፃናት መብት ነው። በራሴ አነጋገር ላቅርበው። ማንኛውም ሕፃን በሕይወት የመኖር መብት አለው። ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው። ወላጆቹን ወይም በሕግ የሚያሳድጉትን ሰዎች የማወቅ፣ የእነሱንም እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው። ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶች ይጠበቃል፤ ትምህርቱን፣ ጤንነቱንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ አይገደድም። በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም በአካሉ ላይ ከሚፈጸምና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ ነው። ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሲሰጥ የሕፃኑ ደኅንነት ይቀድማል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው።

እያንዳንዷ ሐረግ ክፍል ውስጥ ባለቤት አላት። «ስም» የሚለው ቦታ ስንደርስ የልደት ምስክር ወረቀት ያለው እጁን እንዲያወጣ ጠየቅሁ፤ ጥቂት እጆች ወጡ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደትን ጨምሮ ወሳኝ ኩነቶች እንዲመዘገቡ እንደሚያዝ ነገርኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት እናቶች ወረዳ መሄዳቸውን ሰማሁ፤ ልጆቹ ናቸው የላኳቸው።

ጉልበት ስለ መበዝበዝ ስናነብ አንድ ልጅ አንገቱን ደፋ። ከሰዓት በኋላ ሊስትሮ ይሠራ ነበር። መምህር እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። ልጁን «አንተ ላይ ሕግ ተጥሷል» ብሎ ማሳቀቅ ከብዝበዛው የማይተናነስ ጉዳት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ቀስ ብለን አነበብነው። የሚከለክለው ሥራን ሁሉ አይደለም። ቅዳሜ ከብት የሚጠብቅ ልጅና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ከሌሊት እስከ ሌሊት የምትሠራ የ12 ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም። ሊስትሮው ልጅ ራሱ እጁን አወጣና «የኔ ትምህርቴን አይነካም፤ ፈተና ሲደርስ ግን ይነካል» አለ። ከእኔ ማብራሪያ የእሱ ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ትክክል ነበር።

ወላጆችን ስለማወቅ በሚለው ላይ ደግሞ አባቱን የማያውቅ ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንደሚኖር አስቡ። ከዚያው አንቀጽ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሳትዘሉ አንብቡለት። ሰፈሩ ምንም ይበለው፣ የአገሩ የበላይ ሕግ ከማንም እንደማያሳንሰው በጆሮው ይስማ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። ፊደል «ሠ» ላይ ስንደርስ፣ ማለትም በትምህርት ቤት በአካል ላይ የሚፈጸም ቅጣትን የሚከለክለው ላይ፣ የሚያነበው ከፊት ወንበር ያለ ልጅ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ። ፊቴን አልነበረም ያየው፤ እጄን ነው። አርጩሜ ይዤ ነበር። ለመማታት አስቤ አልነበረም፤ እንደ ልማድ ይዤው ነው የምገባ። ሌሎቹም ተከትለው እጄን አዩ። ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ያን ዱላ ከክፍል ይዤ ስወጣ የተሰማኝን ለመናገር አሁንም ይከብደኛል። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ስለ መብት ሳስተምር እጄ ውስጥ ነበር? ወላጆችም አደራ፣ «ሥጋው የእርስዎ አጥንቱ የእኛ» እያላችሁ ልጅ ለመምህር አታስረክቡ። አባባሉ የአያቶቻችን ነው፤ ይሁንና ልማዳዊ አሠራርም ቢሆን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ሲቃረን ዋጋ የለውም፤ ከላይ አንብበናል።

(አጭር ሙዚቃ)

ዱላው ሲቀር ክፍሉ በምን ይያዛል? ብዙ መምህራን የሚጠይቁኝ ይህን ነው። መልሱን ያገኘነው ከልጆቹ ጋር ሆነን ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

«ረባሾች» የሚለውን ዝርዝር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መምህር እስኪመጣ የክፍል አለቃው ሰሌዳው ጥግ ላይ ስም ይጽፋል፤ ደግሞ የተገኘው ከስሙ ጎን ምልክት ይጨመርለታል። መምህሩ ይገባል፣ ዝርዝሩን ያያል፣ ይቀጣል፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአለቃው ጓደኞች ስም ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቻችን ስለ ፍትሕ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚማሩት ከዚህ ዝርዝር ነው፤ የሚማሩትም ስምህን የጻፈ ሰው ከፈረደብህ በኋላ አፍ እንደማይኖርህ ነው።

አንድ ጠዋት ስሟ ሦስት ምልክት የተደረገበት ልጅ «ላጲስ ስለምን ነው» አለችኝ። አለቃው «ስታወራ ነበር» አለ። ሁለቱም እውነት ነበር። ቅጣቱን ትቼ አንቀጽ 20ን ገለጥሁ። የተከሰሰ ሰው በሕግ ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። «እኛም ክፍል ይሠራል?» አሉ። ሕጉ የተጻፈው ለፍርድ ቤት ነው፤ ከፈለጋችሁ ግን ለክፍላችን የራሳችንን ማውጣት እንችላለን አልኋቸው።

ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ጭቅጭቁ ብዙ ነበር፤ ለትምህርቱ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ስሙ የተጻፈ ልጅ መጀመሪያ ይናገር የሚለው በቶሎ አለፈ። ስም የጻፈው ራሱ ፈራጅ አይሁን የሚለው ላይ የክፍል አለቃው ተቃወመ፤ በኋላ «እኔም ተከስሼ ቢሆን» ብሎ እጁን አወጣ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንዳለ ገብቶታል። ዛሬ የወጣ ደንብ ለትናንት ጥፋት አይሠራም የሚለውን ያመጡት አንቀጽ 22ን ሳያነቡ ነው፤ ሳነብላቸው በሕገ መንግሥቱ የተኮረጁ ያህል ተደሰቱ። በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም የሚለው ደግሞ ነገር አመጣ። አንቀጽ 23 የሚናገረው ስለ ወንጀል ፍርድ ነው፤ እነሱ ግን «ትምህርት ቤት ተቀጥተን ቤት ስንገባ እናታችን ትደግመናለች» አሉ። ይህን ለወላጆች ስብሰባ አቀረብሁት። እናቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ።

የአንቀጽ 19 የ48 ሰዓት ነገር ከሁሉ በላይ ማረካቸው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ደብተር አውጥተው ሰዓት ሲቆጥሩ አየኋቸው። «ዓርብ ማታ ቢያዝስ? ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራል?» ጽሑፉ ከቁጥሩ የሚያወጣው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ነው፤ ስለ ቅዳሜና እሑድ አላነሣም። የሒሳብ መምህራቸው በዚያ ሳምንት ልጆቹ ሰዓት ማባዛት እንደወደዱ ነግሮኛል።

አርፍዶ የመጣ ክፍሉን ይጥረግ የሚለውን ደንብ ሲያወጡ «ቲቸርስ?» አለ አንዱ። ያለ እኔ ቢያልፍ ኖሮ ዕድሩም አንቀጽ 9ም ከንቱ ይሆኑ ነበር፤ እንዲያካትተኝ ተስማማሁ። በጥር ወር አንድ ጠዋት ታክሲ አጥቼ አሥር ደቂቃ ዘገየሁ። ስገባ መጥረጊያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ጠረግሁ። እስከ ሰኔ ድረስ ማንም ሲጠርግ አላጉረመረመም።

በመጨረሻ ደንቡ ራሱ እንዴት ይለወጥ የሚለው መጣ። አንቀጽ 105 ለዚህ ግሩም ነው። በምዕራፍ ሦስት ያሉት መብቶች የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ ሲቀበሉት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ነው። ሌላው ክፍል ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁትና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው ሲቀበሉት ይሻሻላል። ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ስድስት የወንበር ረድፎች እንደ ክልል ቆጠሩ። የመጥረጉ ደንብ በአራት ረድፍ ይለወጥ፤ «የተከሰሰ ይናገር» የሚለው ግን ስድስቱም ረድፍ ካልተስማማ አይነካ አሉ። ከዚህ በኋላ አንቀጽ 105ን ማስጠናት አላስፈለገኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ሁለት ነገር ስለ ቋንቋ ልበል። ከመካከል የምትቀመጥ ልጅ «‹ማንኛውም ሰው መብት አለው› ነው የሚለው፤ ‹አላት› አይልም። እኔስ?» ብላ ጠየቀች። አማርኛችን ሰውን ሁሉ በወንድ አንቀጽ መጥራቱን ከእሷ በፊት ልብ ብሎ የነገረኝ ተማሪ አልነበረም። አንቀጽ 7 ለእሷ የተጻፈ ነው፤ በወንድ ፆታ የተነገረው ሁሉ ሴቷንም ያካትታል ይላል። እሷ ግን በክፍላችን ደንብ ላይ «አለው ወይም አላት» ተብሎ እንዲጻፍ አስወስናለች።

ሌላው፣ አንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የመጨረሻው አንቀጽ 106 ደግሞ ለሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ «እኩል ከሆኑ ለምን?» አለ። ሁለት ትርጉም ሲለያይ አንዱ መወሰን ስላለበት ነው አልሁት። አልረካም፤ እንዲረካም አላስገደድሁትም። ሰነዱን ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ማስነበብ ግን የመምህሩ ግዴታ ይመስለኛል። ባልገባው ቃል የተነገረው መብት የሌላ ሰው መብት ሆኖ ይታየዋል።

ከባዱ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ሕገ መንግሥታችን በአዋቂዎች መካከል ብርቱ ክርክር የሚነሣበት ሰነድ ነው። አንቀጽ 39 የብሔሮችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል ያደርሰዋል፤ አንዱ ወገን የእኩልነት ዋስትና ሲለው ሌላው የአገር መፍረሻ ይለዋል። አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል፤ በዚህም ይከራከራሉ። ልጆች ይህን ቤት ይሰማሉ፤ ታክሲ ውስጥ ይሰማሉ። ብዙ መምህር ከዚህ የተነሣ ይፈራል፤ ይዘልለዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነግ በኔ ያለበት ነው። ቢሆንም መዝለል መፍትሔ አልሆነልኝም።

እኔ የተከተልሁት መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን እንዳለ እናነባለን። ከዚያ የሚደግፉትና የሚቃወሙት ሰዎች ምን ምክንያት እንዳላቸው እንናገራለን፤ ልጆቹ ሁለቱንም ወገን ሳያንጓጥጡ መናገር እስኪችሉ አንንቀሳቀስም። ከዚያ፣ መለወጥ የሚፈልግ ሰው በሕግ የተፈቀደለት መንገድ የቱ ነው ብለን ወደ አንቀጽ 105 እንመለሳለን። የራሴን አቋም አልነግራቸውም። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት፣ ከዚያም በኋላ የሥነ ዜጋው ክፍለ ጊዜ የገዢው ፓርቲ ድምፅ ሆኗል የሚል ቅሬታ ሲቀርብ ኖሯል። መምህር ካድሬ ሲሆን ልጅ ወዲያው ያውቃል፤ ያን ጊዜ ጆሮውን ይዘጋል።

ክርክሩ ራሱ ማስተማሪያ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ2012 ዓ.ም. ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ባለሙያዎችን ጠርቶ አንቀጽ እየጠቀሱ ሲከራከሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ልጆች ቤት ሆነው ከአባቶቻቸው ጋር አዩት። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽንም መሠረታዊ የሆኑ አገራዊ አለመግባባቶች በውይይት እንዲፈቱ የታሰበበት ነው። ለልጅ «ትልልቆቹ አሁንም እየተነጋገሩበት ነው» ማለት እውነት ነው፤ ልጅ ደግሞ እውነት ሲነገረው ይጸናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። አባቱ ታስሮበት የሚያውቅ ልጅ፣ ወይም በጦርነት ከቀዬው ተፈናቅሎ መጥቶ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ፣ «እዚህ የተጻፈው እኛ ጋ ለምን አልሆነም?» ይላል። ሁለት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ወረቀቱን ለማዳን ብዬ ልጁን አልዋሸውም፤ ልጁን ለማባበል ብዬም ወረቀቱን አልቀደውም። «የደረሰባችሁ ትክክል አይደለም፤ ትክክል እንዳልሆነም ይኸው ተጽፏል» አልሁት። ሕግ ተጥሷል ብሎ መክሰስ የሚችለው ሕጉን የሚያውቅ ነው። ልጁ ለጊዜው አልመለሰልኝም። በሚቀጥለው ቀን ምዕራፍ ሦስትን ለመገልበጥ መጽሐፉን ተዋሰኝ።

ወላጆች፣ ለእናንተ ያለኝ አጭር ነው። ጽሑፉ ቀጭን ነው፤ አንቀጽ 36ን ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ለማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ያንብብ፣ እናንተ ስሙ። «እኛ ቤትስ?» ብሎ ከጠየቀ አትቆጡ። ዕድር ስብሰባ ስትሄዱም አስከትሉት፤ ደንቡ ሲነበብ ይስማ።

ልጨርስ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ የክፍሉን ደንብ በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ሰኔ ላይ ወደ ሰባተኛ ሊያልፉ ሲሉ ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ ይህ ወረቀት በመስከረም የሚመጡትን ልጆች ያስራል ወይስ አያስርም? ግማሾቹ «እነሱ አልመከሩበትም፤ ይነሣ» አሉ። ግማሾቹ «ከባዶ እንዳይጀምሩ ይቆይላቸው» አሉ። ደወል ተደወለ፣ ክርክሩ አላለቀም። በመጨረሻ ወረቀቱን ትተው ከሥሩ ባዶ ቦታ አሰፉለት፤ የሚለወጥበትን ደንብ በጉልህ ጻፉ፤ እርሳስ በክር አስረው ከጎኑ አንጠለጠሉ።

በመስከረም አዲሶቹ ገቡ። ለሁለት ሳምንት ዝም ብለው አነበቡት። በሦስተኛው ሳምንት በአራት ረድፍ ድምፅ የመጥረጊያውን ደንብ ሰረዙት፤ በምትኩ ያረፈደ ልጅ ያመለጠውን ትምህርት ከጓደኛው ጠይቆ ለክፍሉ ያስረዳ ብለው ጻፉ። «የተከሰሰ ይናገር» የሚለውን አልነኩትም። እርሳሱ አልቆ ስለነበር ሌላ ገዛሁላቸው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)